በውሃ መካከል ውሃ የጠማው ሞተር

ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዲካልብ አውራጃ ውስጥ በምትገኘው በቻምብሊ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ለሥራም ሆነ ለገበያ ሲወጣ ቡፎርድ ሀይዌይ የሚባለውን ታላቅ ጎዳና ሳይረግጥ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ይኸው ጎዳና ቻምብሊን አልፎ በዶራቪል፣ በኖርክሮስና በዱሉዝ በኩል እየተጓዘ ስሙን ወደ ሰጠችው ወደ ቡፎርድ ከተማ ይደርሳል፤ በቡፎርድም አጠገብ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ በ1950ዎቹ ዓመታት የቻታሁቺን ወንዝ ገድቦ ያስገኘው፣ በባለቅኔው በሲድኒ ሌኒየር ስም የተሰየመው ሰፊ ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል። በሙቀቱ ወራት በዚህ ሐይቅ ዳር ቤተሰቡን ይዞ የሚውል ወገናችን አይታጣም፤ አንዳንዱም ከወዳጆቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ያገለገለ ጀልባ ከነሞተሩና ከነተሳቢው ገዝቶ፣ ዓመቱን ሙሉ በድካም ያሳለፈውን ሰውነቱን በውሃው ላይ ያሳርፋል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዲህ ያለው ጀልባ ከዳር ርቆ ሳለ ሞተሩ ሲግልና የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲጮኽ ምን መደረግ እንደሚገባው፣ የመጋሉም ምክንያት በምን ሥርዓት እንደሚመረመር መግለጽ ነው። ነገሩ ለሜካኒክ ብቻ የሚተው መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ተሳፍረውበት፣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ ነፋስም እየገፋው በሐይቅ መካከል የቆመ ጀልባ ምን ማለት እንደሆነ በልቡ ያስብ። እኔም በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምለው ቃል አንድ ነው፤ የጋለ የጀልባ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የውሃ ጥም ነውና፣ መርማሪው ገንዘብ ከማውጣቱና ሞተሩን ከመበታተኑ አስቀድሞ፣ ውሃው ከሐይቁ ገብቶ ወደ ሐይቁ እስኪመለስ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ከታች ወደ ላይ በተራ ይከተል።

ከጀልባው ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሠራውንና አውትቦርድ የሚባለውን ሞተር ለሕዝብ ጥቅም በማብቃት ስሙ የታወቀው፣ በኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኦሌ ኤቪንሩድ ሲሆን፣ በሚልዋኪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ ያወጣው ሞተር ጉልበቱ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ዛሬ ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በኬኔሶ ከተማ የአሜሪካ ቢሮው ያለው ያማሃ የተባለው ኩባንያ በብዙ መቶ የሚቆጠር የፈረስ ጉልበት ያላቸውን ሞተሮች ይሸጣል። የጉልበቱ መጠን ይህን ያህል ቢለያይም የእሳት ጠባይ ግን ያው ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ሲነድ የነበልባሉ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ፒስቶኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ከነደደውም ቤንዚን ጀልባውን የሚገፋውን ፕሮፔለር ለማዞር የሚውለው ሲሶው ወይም ከሲሶ የሚያንሰው ነው፤ የተረፈው ሙቀት ከፊሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ከፊሉን ደግሞ ውሃው ተሸክሞ ያወጣዋል። የመኪና ሞተር ይህን ለማድረግ የራሱን ውሃ በራዲያተር ውስጥ ያዘዋውራል፤ የጀልባው ግን ራዲያተር ስለሌለው የሚኖረው ሐይቁን እየጠጣና መልሶ እያፈሰሰ ነው። ይህ መጠጥ ለጥቂት ደቂቃ የተቋረጠ እንደሆነ ፒስቶኑ በሙቀት ብዛት ይሰፋል፣ የዘይቱ ሽፋን ይቃጠላል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ነክሶ ይቀራል።

የውሃው መንገድ እንዲህ ነው። ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ፣ በሞተሩ የታችኛው እግር በግራና በቀኝ፣ ወንፊት የተገጠመበት ማስገቢያ አለ። ከዚያ የገባው ውሃ፣ ከሞተሩ ራስ ተነሥቶ ወደ ፕሮፔለሩ በሚወርደው ሻፍት ላይ ወደ ተሰካው ፖምፓ ይደርሳል፤ በፖምፓው ሆድ ውስጥም ኢምፔለር የሚባል፣ የጎማ ክንፎች ያሉት ተሽከርካሪ እየዞረ ውሃውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይሰደዋል። ውሃውም በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ዙሪያ በተበጁት መተላለፊያዎች ተዘዋውሮ፣ በሙቀት የሚከፈተው ቴርሞስታት በሩን ሲከፍትለት ወርዶ ከጭሱ ጋር ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከዚህ ውሃ ጥቂቱ ተከፍሎ ከሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ሲፈስስ ይታያል፤ ይህም ፖምፓው መሥራቱን ለነጂው የሚናገር ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ የዚህን ምስክር ቃል በልኩ መቀበል ያስፈልጋል። የሚፈስሰው ውሃ ፖምፓው ውሃ መሳቡን ይናገራል እንጂ፣ ውሃው እያንዳንዱን ሲሊንደር በሚገባ ማዳረሱን አይናገርም፤ ስለዚህ እየፈሰሰ የሚግል ሞተር አለ። እንዲሁም ቀዳዳዋ ራሷ ተደፍና፣ በውስጥ በኩል ግን ውሃው ያለ ችግር የሚዘዋወር ጊዜ አለ፤ አትላንታ ባለችበት በጆርጂያ ግዛት ከጭቃ ቤት የምትሠራ ተርብ በዚህች ቀዳዳ ውስጥ ጎጆዋን መሥራት ስለምትወድ፣ ክረምቱን በግቢ ቆሞ የከረመ ሞተር ሲነሣ ውሃ ሳይተፋ ቢቀር ባለቤቱ ከመደንገጡ በፊት ቀዳዳዋን በቀጭን የናይለን ዘንግ ወይም በለስላሳ ሽቦ ቀስ አድርጎ ይውጋት። ጭቃው ወጥቶ ውሃው ቢፈስስ ጉዳዩ በዚያው ተፈጸመ።

አሁን ወደ ዋናው ሰዓት፣ ማለት ማስጠንቀቂያው ወደሚጮኽበት ሰዓት እንምጣ። በዚያን ጊዜ ጋዙን መቀነስና ማርሹን ዜሮ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል። ብዙዎቹ የዘመናችን ሞተሮች ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ በራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ነጂው ይህን ስንፍና ቆጥሮ ጋዝ ቢጨምር፣ ሞተሩ ራሱን ለማዳን ያደረገውን ጥረት አፈረሰ ማለት ነው። ከዚያም ዘወር ብሎ የምስክሩን ውሃ ይመልከት፤ ውሃው ካልፈሰሰ፣ ወይም በውሃው ፈንታ እንፋሎት ከወጣ፣ ወዲያውኑ ሞተሩን አጥፍቶ መልሕቁን ይጣል፤ ሰዎቹም መንሳፈፊያ ሰደርያቸውን አጥብቀው ይሰሩ። የሞተሮችን ነፍስ የሚያጠፋው በዚህች ሰዓት የሚነገረው «እስከ ዳር ድረስ ብቻ ታግሦ ያድርሰን» የሚለው ቃል ነው። ዳሩ ግማሽ ማይል ብቻ ይሆናል፤ ነገር ግን ያለ ውሃ የሚነድ ሞተር ግማሽ ማይል አይጠብቅም፤ በጥቂት ዶላር የሚለወጥ ጎማ ያመጣው ሕመም በዚያች አጭር ጉዞ ሙሉ ሞተር የሚያስገዛ ጉዳት ይሆናል። አጥፍቶ በመጠበቅ የሚጠፋው ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌላም ጀልባ ይጎትታል፣ ወደ ሐይቁ ጠባቂዎችም ይደወላል። የጋለውን ብረት ለማብረድ ብሎ በላዩ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም አይገባም፤ ብረቱ በድንገት ሲኮማተር ይጣመማልና፣ በራሱ ጊዜ ይብረድ።

ሞተሩ ሲበርድ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ በእጅ የሚታሰረውንም ማጥፊያ ገመድ አውጥቶ፣ ማንም ሳያስበው ሊያስነሣው እንዳይችል ካደረገ በኋላ እግሩን ከውሃው አንሥቶ ማስገቢያውን ይመርምር። የገበያ ፌስታል፣ ቅጠል፣ ሣር፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር በዚያ ተጠቅልሎ መገኘቱ እጅግ የተለመደ ነው፤ ይህን በእጁ ነቅሎ ሞተሩን ሲያስነሣ ውሃው እንደ ቀድሞው ቢፈስስና ማስጠንቀቂያው ዝም ቢል፣ በዝግታ እየነዳ ወደ ዳር መመለስ ይችላል። ማስገቢያው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውሃው ካልመጣ ግን ምርመራው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ወደ ፖምፓው ይሄዳል፤ ይህም በሐይቅ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ኢምፔለሩ በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ እጅግ ርካሹና እጅግ የሚዘነጋው ክፍል ስለሆነ ስለ እርሱ ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል። ይህ ተሽከርካሪ የተቀመጠው በቤቱ መካከል ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ቀረብ ብሎ ነው፤ ስለዚህም ሲዞር የጎማ ክንፎቹ በአንዱ በኩል ይታጠፋሉ፣ በሌላው በኩል ይዘረጋሉ፤ ሲዘረጉ ውሃ ይስባሉ፣ ሲታጠፉ ይገፋሉ። ሞተሩ በዝግታ በሚሠራበት ጊዜ ውሃውን የሚገፋው ክንፎቹ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ስለሚዞሩ ነው፤ በፍጥነት ሲሠራ ግን ክንፎቹ በውሃው ግፊት ከግድግዳው ይርቁና ውሃውን በመወርወር ኃይል ይልኩታል። ከዚህ ጠባይ የተነሣ ክንፎቹ ያረጁበት ሞተር በዝግታ ሲሄድ ይግላል፣ ሲፈጥን ይበርዳል። በአንጻሩ በዝግታ ደኅና ሆኖ ሲፈጥን ብቻ የሚግል ሞተር ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ነው፤ ወንፊቱ በከፊል ተደፍኖ፣ ወይም መተላለፊያው ጠቦ፣ ወይም ሞተሩ በጀልባው ላይ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ተገጥሞ በውሃ ፈንታ አየር እየሳበ፣ ለፈጣኑ እሳት የሚበቃ ውሃ ሳያገኝ ይቀራል። አንድ ሰው ሞተሩ መቼ እንደሚግል ብቻ በጥንቃቄ አስተውሎ ለሜካኒኩ ቢነግረው የምርመራውን እኩሌታ ሠርቶለታል።

ጎማው የሚለሰልሰው በውሃው ነው። ስለዚህ ሞተሩን ያለ ውሃ በግቢ ውስጥ «ይነሣ እንደሆነ ልየው» ብሎ ማስነሣት፣ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን፣ ክንፎቹን ያቃጥላል። ያገለገለ ጀልባ በቻምብሊም ሆነ በሌላ ስፍራ ሊገዛ የሚሄድ ወገኔ ይህን ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ሻጩ ሞተሩን በደረቁ አስነሥቶ ቢያሳየው የሞተሩን ደኅንነት አላሳየውም፣ ይልቁንም በፊቱ አበላሸው። በየብስ ላይ ሞተር የሚፈተነው ከአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ጋር የተያያዙ ሁለት የላስቲክ ክዳኖችን በማስገቢያዎቹ ላይ በመግጠምና ውሃውን አስቀድሞ በመክፈት ነው። ደግሞም ዘወትር ከሚሠራው ይልቅ ቆሞ የሚከርመው ሞተር ኢምፔለር ቶሎ ይጎዳል፤ ክንፎቹ በታጠፉበት አኳኋን ወራት ሲያሳልፉ መዘርጋትን ይረሳሉ። ሁለት ሥራ እየሠራ በዓመት ሦስት አራት ቀን ብቻ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሰው «ምኑን ነዳሁትና» እያለ ኢምፔለሩን ሳይለውጥ ዓመታት እንዲያሳልፍ የሚያደርገው ይህን አለማወቁ ነው። ሞተሩ ብዙም ባይነዳ እንኳ፣ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ መልካም ልማድ ነው።

ሲለወጥም የሞተሩ የታችኛው እግር ብሎኖቹ ተፈትተው፣ የማርሹ ዘንግ ተላቅቆ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፖምፓው ከላዩ ይገኛል። አዲሱን ከመግጠም በፊት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የአሮጌው ክንፎች ይቈጠራሉ፤ አንድ ክንፍ ተቆርጦ ቢጎድል የተቆረጠው ጎማ ወደ ላይ ወጥቶ በመተላለፊያው ውስጥ ተሰክቷልና፣ እርሱ ተፈልጎ ሳይወጣ አዲስ ኢምፔለር መግጠም ከንቱ ነው። የፖምፓው ቤት ግድግዳና ከሥሩ ያለው የብረት ሰሌዳ በአሸዋ ተፍቀው እንደሆነ እነርሱም ይለወጣሉ። አዲሱም ሲገባ ክንፎቹ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እንዲተኙ ሻፍቱ በትክክለኛው ወገን እየተሽከረከረ ይገፋል። እግሩ ተመልሶ ሲገጠም የውሃው ቱቦ በጎማ አፉ ውስጥ በደንብ መግባቱ ይረጋገጥ፤ ይህ ቱቦ ከቦታው ስቶ የቀረ እንደሆነ ፖምፓው ምንም አዲስ ቢሆን ውሃውን በእግሩ ውስጥ ያፈስሰዋል።

ፖምፓው ደኅና ሆኖ ሞተሩ አሁንም ከጋለ ወደ ቴርሞስታቱ ይታለፋል። ይህ በር ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንዲከፈት የተሠራ ሲሆን፣ ዝገትና የኖራ ቅርፊት ሲይዘው ተዘግቶ ይቀራል። ለመፈተን ከሞተሩ አውጥቶ በድስት ውሃ ውስጥ በክር ማንጠልጠልና ውሃውን ቀስ እያሉ እያሞቁ በሙቀት መለኪያ መከታተል ይበቃል፤ ውሃው በቴርሞስታቱ ላይ ከተጻፈው ዲግሪ አልፎ ሳለ በሩ ካልተከፈተ ይጣላል። አንዳንድ ሰው በንዴት ቴርሞስታቱን ጨርሶ አውጥቶ ይነዳል፤ ይህ ግን ሞተሩ ከመጠን በታች ቀዝቅዞ ቤንዚኑ በሚገባ እንዳይነድ ያደርጋልና መፍትሔ አይባልም። ወደ ሳቫና ወርዶ በባሕር የነዳ ሰው ደግሞ ጨው በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ተጋግሮ እንዳይቀር ሞተሩን በዚያው ቀን ጨው በሌለው ውሃ ይጠበው።

የውሃው መንገድ ሁሉ ተመርምሮ ንጹሕ ከተገኘ በኋላ ብቻ ከውሃ ውጭ ያሉት ምክንያቶች ይታሰባሉ። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣው ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ካነሰው ይግላል፤ ብዙዎቹ ለአምሳ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ይሻሉ፣ የቆዩት ግን ከዚህ የበለጠ ይጠይቃሉ። በጆርጂያ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው አሥር በመቶ ኤታኖል ስላለበት፣ ለወራት በካርቡራቶሩ ውስጥ ሲቀመጥ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ቤንዚኑ ሲያንስ አየሩ ይበዛል፣ እሳቱም ይብስ ይሞቃል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ እንደሆነ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ምልክቱም ከሌሎቹ ካንዴላዎች ተለይቶ አንዱ ታጥቦ የጠራ መስሎ መታየቱ ነው።

ስለ ስፍራው ጠባይም መናገር ይገባኛል። የሌኒየር ሐይቅ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 1,071 ጫማ ከፍታ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ግን በድርቅ ምክንያት ወደ 20 ጫማ ያህል ወርዶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ቀድሞ ጥልቅ የነበረው ስፍራ ጥልቀቱን ያጣል፣ ፕሮፔለሩም የጆርጂያን ቀይ ሸክላና አሸዋ እያነሣ ለፖምፓው ያጠጣዋል፤ አሸዋውም ኢምፔለሩን ይፍቀዋል። ስለዚህ በዳር አቅራቢያ ሲደርሱ እግሩን ከፍ አድርጎ በዝግታ መሄድ፣ ታችም የነካ ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ መግፋት ይሻላል።

የእኛው ጣና ደግሞ ለሞተር ከዚህ የባሰ ፈተና አለው። በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ መነኮሳቱና ዓሣ አጥማጆቹ የሚጓጓዙት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲሆን፣ ለዓሣ ማጥመድ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በባሕር ዳር አካባቢ የተስፋፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የኔዘርላንድ በጎ አድራጊ ድርጅት በረዱት መርሐ ግብር ነው። ሐይቁ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ደለሉ ብዙ ነው፤ በዚህም ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ፣ ሥሩ ተንጠልጥሎ የሚንሳፈፍ አረም ስለሆነ፣ ተቆራርጦ ወንፊቱን ይደፍናል። ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ምእመናንን የሚያመላልስ ነጂ በእምቦጩ መካከል ሲያልፍ የምስክሩን ውሃ በየጊዜው ዘወር እያለ ቢያይና ከአረሙ እንደ ወጣ ወንፊቱን ቢያጠራ ሞተሩን ያድናል።

የጣና ከፍታ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ያለው አየር ቀጭን ስለሆነ፣ በሌኒየር ላይ የሚነዳው ሞተር በጣና ሲነዳ ከጉልበቱ ስድስተኛ እጅ ያህሉን ያጣል፤ ለዝቅተኛ ስፍራ የተመረጠው ፕሮፔለርም ይከብደውና ጋዙ ሁሉ ተሰጥቶት ሳለ በዝግታ እየተጨነቀ ይሠራል። እንዲህ ሲጨነቅ የሚያወጣው ሙቀት የሚጎትተው ውሃ ሊያበርደው ከሚችለው ሊበልጥ ይችላል። ውሃም በዚያ ከፍታ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ውሃ ያነሰው ሞተር በጣና ላይ ቶሎ እንፋሎት ይሞላዋል፣ እንፋሎትም ከብረቱ ሙቀትን እንደ ውሃ አድርጎ አይወስድም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ከአትላንታ ሞተር ገዝቶ ለባሕር ዳር ዘመዱ ለመላክ የሚያስብ ወገን መኖሩን ስለማውቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ የሞተሩን ያለፈ ታሪክ ይመርምር። አንድ ጊዜ ክፉኛ የጋለ ሞተር ደኅና መስሎ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ካንዴላዎቹ ተነቅለው የእያንዳንዱ ሲሊንደር የመጭመቅ ኃይል ሲለካ፣ አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ካነሰ የውስጡ ጉዳት ይገለጣል፤ ያን ሞተር መላክ ለዘመድ ሸክም መላክ ነው። ደኅና ሆኖ ከተገኘ ግን በሞተሩ መያዣ ላይ በተለጠፈችው ሰሌዳ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ገልብጦ፣ በዚያው ቁጥር ሁለት ሙሉ የፖምፓ ዕቃ ከነኢምፔለሩ፣ ከነብረት ሰሌዳውና ከነጓርኒሲዮኑ፣ አንድ ቴርሞስታት፣ ለከፍታው የሚስማማ የጠመዝማዛው እርምጃ አጠር ያለ ፕሮፔለርም ጨምሮ፣ ከሞተሩ ጋር በአንድ ሣጥን ያሽገው፤ ለአንዱ ሞዴል የተሠራው ኢምፔለር ለሌላው አይገጥምምና፣ የሞዴሉን ቁጥር በሣጥኑ ክዳን ላይ በአማርኛ ጽፎ ይለጥፍለት።